የሲስተር የቅዳሜ ዙር

ሰዓት ሠሪው አማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪናው ያሳፈራቸው ባገባ በስምንተኛው ወር ነበር። መኪናዋ ያኔም አሮጌ ነበረች። አረንጓዴ ናት ቢባልም ጣራዋን ፀሐይ በልቶት ወደ ግራጫ አድልቷል። የገዛት ከአንድ ጡረታ ከወጣ ቀያሽ ነው። ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክበው "ሞተሯ ልብ ነው" አለው፤ ስለ ሌላው ምንም አላለም፣ ሰዓት ሠሪውም አልጠየቀ። ሞተር ከተነሣ፣ ማርሽ ከገባ፣ ፍሬን ከያዘ ሌላ ምን ይጠየቃል ባይ ነበር።

አማቱ የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ዋና ነርስ ነበሩ። በሆስፒታሉም፣ በሰፈሩም፣ በገበያውም የሚታወቁት "ሲስተር" ተብለው ነው። በከተማው ሌላ ሲስተር የሌለ ይመስል፣ "ሲስተር እንዲህ ብለዋል" ከተባለ ማን እንደሆኑ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰዓት ሠሪው ከሠርጉ ቀን በቀር አግኝቷቸው አያውቅም። ያን ቀንም እጁን ጨበጡት፣ ጣቶቹን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ "ንጹሕ እጅ ነው" ብለው አለፉ። ምስጋና ይሁን ምርመራ እስከ ዛሬ አልገባውም።

"እናቴ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች፣ ሄደህ አምጣልኝ" አለችው ሚስቱ። ሸሚዙን ተኮሰ። መኪናዋን አሳጠበ፣ ለወንበሮቿ አዲስ ጨርቅ አለበሰ፣ መስታወቷን በጋዜጣ ወለወለ። አማቱን ሊያመጣ የሚሄድ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ፤ ከኋላው ኮፈን ምንጣፍ ሥር ያለውን ገልጦ ከማየት በቀር።

ሲመለሱ እኩል መንገድ ላይ የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ።

ዳር ይዞ ቆመ። የአማቱን ሻንጣ አወጣ፣ ምንጣፉን ገለጠ። ተቀያሪው ስኮርት ጎማ በጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ጣቱ ስምጥ አለ። ክሪኩን አነሣ፤ ዝገት ከዝገት ተጣብቆ እንኳን መኪና ሊያነሣ እሱ ራሱ ወይ ፍንክች አለ። የቡሎን መፍቻው ደግሞ ለሌላ መኪና የተሠራ ይመስል አፉ ሰፍቶ ይሽከረከራል። መንገድ ላይ የሚቆመው አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ጨርሶ የለም። ሰዓት ሠሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሲስተር ከመኪና ወረዱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ሻንጣቸውን ከፍተው ቀይ የአንገት ልብስ አወጡ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዱና ከመንገዱ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ላይ፣ የሚመጣ መኪና ከሩቅ እንዲያየው አድርገው አሰሩት። ከዚያ ተመልሰው ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ማየት ጀመሩ። እንዲሁ እንዳሉ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰዓት ሠሪ ነውና ደቂቃውን አይስተውም።

"ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር" ይላል አሁንም ሲያወራው።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ክሪክ አዋሳቸው፣ ስኮርቱንም ከራሱ መኪና አየር ስቦ ነፋላቸው። ቤት ሲደርሱ ሚስቱ እናቷን አቅፋ "መንገዱ እንዴት ነበር?" አለቻቸው።

"ደህና ደርሰናል" አሉ ሲስተር። "እሳቸው ደክሟቸዋል፤ ውሃ ስጪያቸው።"

እሳቸው የተባለው እሱ ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አማት አማቿን አንቱ ማለቷ ያለ ነገር ነው፤ ግን አንቱታም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ ሌላው ደጅ ላይ አቁሞ ያስጠብቃል። የሲስተር አንቱታ ሁለተኛው እንደሆነ ሰዓት ሠሪው ያን ቀን ገባው፣ ከዚያ በኋላም በመጡ ቁጥር ከደጅ የሚያስገባው አላገኘም።

ሰባት ዓመት አለፈ። በመሃሉ ሲስተር ጡረታ ወጡ። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ሲላቸው ልጃቸው "ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ፣ አለቀ" አለቻቸው። ሁለት ሻንጣና አንድ የእንጨት በርጩማ ይዘው ገቡ። ሰዓት ሠሪው ዕቃቸውን አስገብቶ፣ አልጋቸውን ገጣጥሞ፣ የተበላሸ የግድግዳ ሰዓታቸውን ጠግኖ ሰቀለላቸው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል" አሉት። አሁንም አንቱ።

በገቡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን እያጠበ ሳለ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። በብብታቸው ደብተር ሸጉጠዋል።

"ካላስቸገርኩዎት ኮፈኑን ይክፈቱልኝ" አሉት።

የፊቱን ከፈተላቸው።

"የኋላውን።"

ሰዓት ሠሪው ወደ ኋላ ዞሮ ከፈተው። ከዚያ የመንገድ ቀን ወዲህ ስኮርቱን አስነፍቶታል፣ አዲስ ክሪክና መፍቻም ገዝቷል፤ ግን መቼ? ምንጣፉን ሲገልጠው ስኮርቱ ግማሽ በግማሽ ተንፍሷል። የገዛው ክሪክ ከነላስቲኩ ነው፤ አንድም ቀን አልተሞከረም። ሲስተር በርጩማቸውን ተጠግተው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። በሽተኛ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያዩት።

"ድንገተኛ ክፍል አንዲት ጋሪ ነበረችን" አሉ ዓይናቸውን ከስኮርቱ ሳይነቅሉ። "ትንፋሽ ላቆመ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው። ኦክሲጅን፣ መርፌ፣ ቱቦ፣ ጉሮሮ የሚታይባት መብራት። ብዙውን ቀን ማንም አይነካትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ከፍቼ አይቻታለሁ። ገና ጀማሪ ነርስ እያለሁ ግን አንድ ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ሳላያት ዋልኩ። ያን ቀን ሰው መጣ። መብራቷን ቢያበሯት ባትሪዋ አልቋል።"

ሰዓት ሠሪው የያዘውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ከተተ።

"ሰውየው ተረፈ" አሉ። "መስኮት አጠገብ ወስደው በፀሐይ ብርሃን ነው የሠሩለት። ተረፈ፤ ግን የእሱ መትረፍ የእኔን ጥፋት አይሽረውም። እዚያ መንገድ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የማስበው እሱን ነበር። እርስዎን እየወቀስኩ አልነበረም።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ዝምታ ለእሱ የተላከ መስሎት ኖሯል። ለካ ሴትየዋ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጥፋት ሲቆጥሩ ነበር። "ክሪኩን ላውጣው?" አለ።

"ያውጡት" አሉ። ደብተሩን ገለጡ።

የቅዳሜ ዙር የተጀመረው እንዲህ ነው። ዙር ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ሐኪም ቤት በሽተኛ አልጋ ለአልጋ እንደሚታይ ማለታቸው ነው። ሞተሩን አይነኩም። ለሞተሩ መካኒክ አለው፤ መካኒክ ግን የመጣበትን ሕመም አይቶ ነው የሚሸኘው፣ ማንም ያላመለከተውን አያይም። ሲስተርን የሚያሳስባቸው ይኸው የማይታየው ነው፤ የማይጮኸው፣ የማያስነጥሰው፣ ጊዜው እስኪደርስ ድምፁን አጥፍቶ የሚቀመጠው።

ክሪኩን ከላስቲኩ አውጥተው ግራሶ ቀቡት፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ አንሥተው አወረዷት። አዲሱ መፍቻ ቡሎኖቹ ላይ ልክ መሆኑን በአራቱም ጎማ ሞከሩት። አንዱ ቡሎን ዝጎ ስለነበር ሰዓት ሠሪው በእግሩ ቆሞበት ነው የፈታው። "ይኼ ዝናብ ላይ ቢሆን ኖሮ?" አሉ ሲስተር፤ ሌላ አልጨመሩም። ስኮርቱን ጎሚስታ ዘንድ ወስደው ከሌሎቹ ትንሽ ጠበቅ አድርገው አስነፉት፣ ሳይነካም ስለሚተነፍስ በየወሩ እንዲታይ ተጻፈ። የእጅ ባትሪው ድንጋዮች ከውስጡ ወጥተው ለብቻቸው በጨርቅ ተጠቀለሉ፤ ውስጡ ከተቀመጡ ያፈሳሉ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ሲከፈት ፕላስተሩ በሙቀት ደርቆ እንደ ቅጠል ተሰባበረ። ሲስተር ያን ሣጥን እንዳለ ባዶ አድርገው በራሳቸው እጅ ሞሉት። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና ሁለት የውሃ ጀሪካንም ተጨመሩ።

እሳት ማጥፊያው ከኋላ፣ ከሻንጣ ማስቀመጫው ጥግ ነበር። "እሳት ሲነሣ ሻንጣ ልናወርድ ነው?" አሉና ከሾፌሩ ወንበር ሥር አሳሰሩት። ውስጡ ያለው ዱቄት ሳይነካ ከቆየ ታች ይረጋል፣ ይጋገራልም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ሰዓት ሠሪው ገልብጦ ይይዘውና፣ ሕፃን ጠብቶ ሲጨርስ እንደሚደረገው ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። የግፊቱ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታያል፣ ይጻፋል።

እሱ የራሱን መሣሪያ ይዞ መጣ። የጎማውንና የቺንጊያውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ስንጥቅ በሰዓት አጉሊ መነጽሩ ያያል። መስታወት ላይ ውሃ የሚረጨውን ቀዳዳ አሸዋ ሲደፍነው በወረንጦና በቀጭን መርፌ ይጠርገዋል። እሳቸው ደግሞ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የበር ማጠፊያዎች ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። አንድ ቅዳሜ ከበሩ ሥር ያሉትን ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አገኙ። ሰዓት ሠሪው በሽቦ አንዱን ጠቅ ሲያደርገው አንድ ብርጭቆ የሚሆን ቡናማ ውሃ ዘረገፈ።

"አዬ" አሉ ሲስተር በታላቅ እርካታ። "ይኼ ስንት ዓመት ሲያሰቃያት ኖሯል።"

የመኪናዋ መካኒክ ሰፈሩ ውስጥ "ዶክተር" ይባላል፤ ታማሚ መኪና በመጣለት ቁጥር ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ስለሚጥል ነው። ሰዓት ሠሪው አማቱን አስተዋወቀው።

"ዶክተር ነው የሚሉህ?" አሉት ሲስተር። "የት ነው የተማርከው?"

"እዚሁ መሬት ላይ ተኝቼ ነው፣ ሲስተር።"

ሳቁ። ደብተራቸውን አሳዩት። ገጽ በገጽ አየና "ሞተሩን ለእኔ ተዉልኝ፣ ሌላውን ይዘውታል" አለ። ከዚያ ወዲህ ምክር ይሰጣቸዋል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ከደረቀ ውሃ እንደሚያስተፋ የነገራቸው እሱ ነው። ከኮፈን ሥር ጭስ ካዩ ኮፈኑን ወለል አድርገው እንዳይከፍቱት፣ እሳት አየር ሲያገኝ እንደሚነሣ የነገራቸውም እሱ ነው። ሰዓት ሠሪው ግን የዶክተር ምክር ሳይሆን ሌላ ነገር ሆዱን በላው። ሲስተር መካኒኩን አንተ ያሉት በሦስተኛው ቃል ነው። እሱ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቶ ያላገኘውን።

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት፣ የተማሪ ወረቀት እያረመች ነበር። ቀና ሳትል "በመካኒክ ቀናህ?" አለችው።

"አልቀናሁም።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን የወሰድክብኝ እኔ እያለሁ፣ አንተ በመካኒክ ትቀናለህ።"

እውነቷን ነው። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ሲደርስ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ይሸማቀቅ ነበር። በኋላ ግን ዓርብ ማታ ጨርቁንና ሽቦውን እያዘጋጀ ራሱን ያገኘዋል። ሲስተር ከመኪናዋ ኋላ ቆመው እሱ ፍሬን ሲረግጥ "ግራ በርቷል፣ ቀኝ በርቷል፣ የታርጋው መብራት የለም" ሲሉ ደስ ይለዋል። እናቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። ይህን ለማንም አያወራም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለጉልበታቸው ምርመራ ሐኪም ቤት እየወሰዳቸው ነበር። ዳገቱን ሲወጡ ፊት ለፊታቸው አንድ ሚኒባስ ዳር ይዞ ቆመ። ከፊቱ ጭስ ይወጣል። ተሳፋሪው እየተጋፋ ይወርዳል፣ አንዱ ስልኩን ይፈልጋል፣ አንዷ ጫማዋን ጥላ ወርዳለች። ሾፌሩ ሮጦ ፊት ለፊት ዞረና ኮፈኑ ላይ እጁን አሳረፈ።

"እንዳትከፍተው" አሉ ሲስተር በመስኮት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሐኪም ቤት ኮሪደር የተገራ ድምፅ ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሾፌሩ ግን ቀድሞ ስቦት ነበር። ነበልባሉ በክፍተቱ ምላሱን አወጣ። ሰውየው እጁን ይዞ ወደ ኋላ ተንገዳገደ፣ ኮፈኑ መልሶ ወደቀና በስንዝር ክፍተት ተንጠለጠለ።

ሰዓት ሠሪው ዳር ይዞ ቆመና አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ከወንበሩ ሥር እሳት ማጥፊያውን ነቅሎ ሮጠ። እየሮጠ ሳለ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ገልብጬዋለሁ ወይስ አልገለበጥኩትም? ገልብጦታል። የመቆለፊያውን ቀለበት ነቀለ፣ የማጥፊያውን አፍ በክፍተቱ በኩል ወደ እሳቱ ሥር አነጣጠረና ጨመቀ። ዱቄቱ እየተንፎለፎለ ወጣ። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆየና አለቀ። ነጩ ጭጋግ ሲገለጥ እሳት የለም፣ የቀለጠ ላስቲክ ሽታ ብቻ ነው።

"ሦስት ማዕዘኗን" አሉት ሲስተር ከኋላው። እሷንም ወስዶ ከዳገቱ ኩርባ በታች አቆመ።

ሲመለስ ሲስተር ሾፌሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውታል። የእጁ መዳፍና ጣቶቹ ቀልተው ማበጥ ጀምረዋል። ከመኪናዋ የወጣውን የውሃ ጀሪካን አንዲት ተሳፋሪ እንድትይዝ አድርገው፣ ቀጭን አድርጋ እንድታፈስለት ያሳዩአታል።

"የጥርስ ሳሙና ቢቀባ ጥሩ ነው ይባላል" አለ አንድ ባለ ኮት ሰው።

"የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው" አሉት ሲስተር። ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረው "ሃያ ደቂቃ ይያዙልኝ" አሉ።

ያዘላቸው። የመጀመሪያው ጀሪካን ሲያልቅ ሁለተኛውን አመጣ። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ሲስተር ከሣጥኑ የወጣውን ንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ጠመጠሙለት። ሰውየው ሕመሙን ረስቶ "ሚኒባሱ የራሴ አይደለም እኮ፣ ምን እላለሁ?" እያለ ያለቅሳል። "አንተ ተርፈሃል ትላለህ" አሉት ሲስተር። በዚያ የሚያልፍ አንድ የቤት መኪና ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። ተሳፋሪዎቹ ሌላ ሚኒባስ እስኪመጣ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ሲስተር ወደ መኪናዋ ተመልሰው በሩን እንደከፈቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰዓት ሠሪው እጁን ታጥቦ መጣ። ሲያያቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጭናቸው ላይ ሊደብቁት ቢሞክሩም አልታዘዛቸውም።

"እጄን ያዘኝ" አሉት።

ያዛቸው። ከመንገዱ ላይ ተንበርክኮ ሁለቱንም እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ይያዙኝ አላሉትም፤ ያዘኝ ነው ያሉት። በደንብ ሰምቷል፣ ግን የሰማ መምሰል ፈራ፤ ቢነካው የሚበር መሰለው።

"ሐኪም ቤት እያለሁ ከኋላዬ ሁልጊዜ ሰው ነበር" አሉ። "ዛሬ ያለኸው አንተ ብቻ ነበርክ።"

"አንሼ ነበር፣ እማማ?"

"አላነስክም።"

ሰዓት ሠሪው ተነሣ። ፊቱን አዞረና እንባው ሳይታይበት ወደ መሪው ሄደ። ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ጠቅ አለች፤ ሌላ የለም። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ለካ አራቱ ፍሬቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲበራ ሲጠፋ የባትሪዋን ትንፋሽ ጨርሶታል። ሲስተር ወደ እሱ ዞሩ፣ እሱ ወደ ሲስተር። ሁሉን ሲያዩ ከርመው የባትሪውን ዕድሜ አልጻፉም። ሲስተር መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ በኋላ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ተሳፋሪዎቹ ባለ ኮቱ ሰው ፊት ሆኖ መኪናዋን ቁልቁል አዙረው ገፉላቸው። ስትነሣ አጨበጨቡ።

ማታ ራት ላይ ሲስተር ለልጃቸው አወሩላት። "እሱ እሳቱን ሲያጠፋ እኔ የሾፌሩን እጅ ያዝኩ። እሱ እኮ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም" እያሉ። ሚስቱ ማንኪያዋን አፏ ዘንድ አድርሳ አቆመች። እናቷን አየች፣ ባሏን አየች። ሰዓት ሠሪው ሳህኑን አቀርቅሮ ይበላል። በኋላ ወጥ ቤት ዕቃ ሲያጥቡ "እሱ አለችህ እኮ" አለችው።

"ሰምቻለሁ" አለ፤ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አጠበው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሳት ማጥፊያው ተሞልቶ መጣ፣ ጨርቁና ፕላስተሩ ተተካ፣ አዲስ ባትሪ ተገጠመ፣ የተገጠመበት ቀንም ተጻፈ። ሰዓት ሠሪው ጨርሶ እጁን ሲጠርግ ሲስተር ደብተሩን አልዘጉም።

"አንድ የጎደለ አለ" አሉ።

"ምን ጎደለ?"

"መኪናዋ ውስጥ ሁለት ሰው ነበርን። እጁ የተቃጠለው አንተ ብትሆን ማን ይነዳ ነበር?"

ሰዓት ሠሪው እየቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። አልቀለዱም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ኳስ ተጫዋቾች ሳይመጡ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ሜዳ ላይ መማር ጀመሩ። ፍሪሲዮኑን ሲለቁት መኪናዋ እንደ ፍየል ዘላ ሞተሯ ይጠፋል። "ቀስ ብለው ይልቀቁት፣ እማማ" ይላል። ትዘላለች፣ ትጠፋለች። "ምንም አይደል፣ ደግመው ይሞክሩ" ይላል። በሦስተኛው እሑድ ሲስተር ሞተሩን አጥፍተው ዞሩበት።

"ተቆጣኝ" አሉ።

"እንዴት ብዬ?"

"እኔ ተማሪዎቼን ባልቆጣቸው ኖሮ ስንት ሰው ይሞትብኝ ነበር። ካልተቆጣኸኝ አልማርም።"

እሱ አማቱን ሊቆጣ። ቃሉ ራሱ አፉ ውስጥ አልገባም። በዚያው ቀን ግን፣ የግብ ብረቱ እየቀረበ፣ ሲስተር ማርሻቸውን እያዩ ሲነዱ፣ ሰዓት ሠሪው ሳያስበው "ፍሬን ይያዙ፣ ፊትዎን ይዩ እንጂ" ብሎ ጮኸ። መኪናዋ ከብረቱ አንድ ክንድ ቀርቷት ቆመች። እሱ ከድንጋጤው በላይ በድምፁ ደነገጠ። ሲስተር ግን ፊታቸው በርቶ "እንዲህ ነው" አሉት። "አሁን ገባኝ።"

ከዚያ ወዲህ ተማሩ። በዓመቱ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሄዱ። የጽሑፍ ፈተናውን አንድ ሳይስቱ አለፉ፤ ፈታኙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ እንዳረመው ሰዓት ሠሪው ከበሩ ሥር ሆኖ አይቷል። የዓይን ምርመራው ላይ ግን ግራ ዓይናቸው ወደቀ። ሚስቱ ቤት ሆና የምትላቸውን ቃል ስታመርጥ ዋለች፣ አላስፈለገም። "ትክክል ናቸው" አሉ ሲስተር ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። "እኔም ብሆን በዚህ ዓይን አላሳልፍም ነበር።" ደግሞ "ሰው ሊሞትብን ሌላ ሾፌር ሲጠፋ ግን ዓይን አይጠየቅም" አሉ።

ስለዚህ መንገድ ላይ አይነዱም። ሜዳው ላይ ግን እሑድ እሑድ ይነዳሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ መኪናዋን ከግቢው በር ወደ ጥላው የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። በሩ ጠባብ ነው፤ ሰዓት ሠሪው ራሱ በልምምድ ነው የሚገባው። ባለፈው ቅዳሜ እሱ ከኋላ ቆሞ በእጁ እየመራ፣ "ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ ይበቃል" እያለ፣ በኋላ ማርሽ ግድግዳውን ሳይነኩ አስገቧት። ሞተሩን አጠፉ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። በሩን ሊከፍትላቸው መጣ።

"ቆይ፣ አትክፈተው" አሉ። "ትንሽ ልቀመጥበት።"

ዞሮ በተሳፋሪው በኩል ገባና አጠገባቸው ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከጎረቤት የታጠበ ልብስ ሽታ ይመጣል። ሚስቱ ከቤት ወጥታ ስታያቸው እጇን ጠራርጋ መጣች፣ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አለች።

"የትም" አሉ ሲስተር፣ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። "ቀበቶሽን እሰሪ።"